ነጫጮቹ ወንበሮች

«አዮ፣ አንድ ወንበር ስንት ሰው ከተቀመጠበት በኋላ ነው የሚሰበረው?»

ልጄ ሊሊሴ ይህን የጠየቀችኝ ማለዳ ነው፤ ገና ፊቴን አልታጠብኩም። ወንበር በማጠብ የምትኖር ሴት ይህን ማወቅ ያለባት ይመስላል። እኔ የማውቀው ግን የትኛው ጥግ ወጥ እንደሚይዝ፣ ልጆች ማስቲካ የት እንደሚለጥፉ፣ በረኪና ምን ያህል ሲጨመር የእጅ ቆዳ እንደሚልጥ ነው። በላያቸው ላይ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ ቆጥሬ አላውቅም። «ሲደክመው ይሰበራላ» አልኳትና ባልዲዬን አንስቼ ወጣሁ። ከኋላዬ ስትስቅ ሰማኋት። «እሱማ ልክ ነሽ» አለች።

ቧንቧው ያለው በትልቁ ቤት ጓሮ፣ ከኦቦ ጨመዳ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነው። ኦቦ ጨመዳ የሟቹ ባሌ የመርጋ ታላቅ ወንድም ነው፤ ነቀምቴ ውስጥ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ያከራያል። የዚያን ዕለት መስኮቱ ተከፍቶ በስልክ ያወራ ነበር። ስልክ ሲይዝ ወዲያ ማዶ ካለው ሰው ጋር በጩኸት የሚነጋገር ይመስል ድምፁን ስለሚለቀው፣ ተደብቄ ሰማሁ ማለት አልችልም። «ቀነአ ወንድሜ፣ በእናታችን ላይ በደረሰው እኔም እንቅልፍ የለኝም» ይላል። «ጥፋቱ የሠራተኛዬ ነው። ወንበሩን ከመኪና ላይ እየወረወረ ሲያወርድ ሰንጥቆት ነው። አዎ፣ ያ ጂሬኛ የሚሉት። ዛሬ ሠርግ አለብኝ፣ ጭኖ ያውርድልኝ። ማታ ግን ከግቢዬ ይወጣል። በዚህ እመነኝ።» ባልዲው ሞልቶ ውሃው እግሬ ላይ እስኪፈስ ድረስ ቆምኩ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ነው። የቀነአ እናት ከፊት ረድፍ፣ ከነጮቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጠው ሳለ የኋላ እግሩ ከሥሩ ተቀነጠሰና ወደቁ፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። አሁንም ሆስፒታል ናቸው። ጂሬኛ ደግሞ የኦቦ ጨመዳ ጫኝና አውራጅ ነው። ከጊዳ አያና የለበሳትን ልብስ ብቻ ይዞ ነው የመጣው። ለምን እንደወጣ አንጠይቀውም። እኔም የተወለድኩት አንገር ጉቲን ላይ ከሰፈሩ የወሎ ሰዎች ነው፣ ከዚያ ለምን እንደወጣሁ እሱም አይጠይቀኝም። የሚተኛው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በተደራረቡት ወንበሮችና በድንኳኑ ሸራ መካከል ካርቶን አንጥፎ ነው። ከግቢ ይወጣል ማለት ማደሪያውም ሥራውም በአንድ ማታ ሄደ ማለት ነው።

ውሃዬን ይዤ ስመለስ የድንኳኑን ብረቶች አይሱዙው ላይ ይደረድር ነበር። «አዴ ንጋት፣ አካም ቡልተን?» ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ጠየቀኝ፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ።

«ነጋ፣ ነጋ፣ ደህና ነኝ» አልኩት። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ክፍላችን ከዕቃ ቤቱ ጋር ግድግዳ ትጋራለች። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከአልጋው ሥር ደግሞ ሊሊሴ የሰበሰበቻቸው የወንበር ስብርባሪዎች የሞሉበት ማዳበሪያ። መርጋ ሲሞት ኦቦ ጨመዳ «የወንድሜ ልጅ ሜዳ ላይ አታድርም» ብሎ የሰጠን ክፍል ናት፤ ኪራይ አይቀበለንም። እንዲህ ያለ ክፍል ከተማው ውስጥ ዛሬ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ይባላል፣ ያውም ውሃው ሩቅ ሆኖ። እኔ ወንበሩን አጥባለሁ፣ ድስቱን እፍቃለሁ። ለዚህ ደመወዝ ብሎ የቆረጠልኝ ነገር የለም፣ እኔም አንሥቼው አላውቅም። ሚስቱ ድርቤ አልፎ አልፎ ዘይት ወይም ዱቄት ትልክልናለች። እንዲህ ሆነን በሰላም ኖረናል፤ ሰላሙ ግን ማንም ስለ ምንም ባለመናገሩ የቆመ ነበር።

ሊሊሴ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። የምታጠናው ፕላስቲክን ነው። ፕላስቲክ ከባድ ነገር አንድ ጊዜ ስለተጫነበት ሳይሆን፣ በየቀኑ በሚጫነው ቀላል ነገር፣ በመቀመጥና በመነሣት ብቻ፣ እንዴት ውስጥ ውስጡን እየተሰነጠቀ፣ እየነቃ ሄዶ እንደሚሰበር አስቀድሞ ማወቅ ነው ሥራዋ። ከስብርባሪው ላይ የአጥንት ቅርጽ ያላቸው ቁራጮች ትቆርጣለች። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለ ማሽን ቁራጩን ይስባል፣ ይለቃል፤ ይስባል፣ ይለቃል፤ እስኪበጠስ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፣ የተጀመረውም ቁራጭ ይበላሻል። በዚህ ምክንያት እጇ የገባው ውጤት ጥቂት ነው። ሌላ አገር ያሉት ለኮምፒውተሩ እልፍ ጊዜ የተሰበረ ነገር ያሳዩታል፣ እሱም አይቶ አይቶ ይማራል፣ አለችኝ አንድ ቀን። «እኔ እልፍ የለኝም። ስለዚህ ያለችኝን ጥቂት ምሳሌ አሳየዋለሁ፤ በዚያ ላይ ደግሞ የተፈጥሮን ሕግ እነግረዋለሁ። ነቅ አንዴ ከጀመረ አይድንም። ጭነት በመጣ ቁጥር ያድጋል እንጂ አያንስም። ባደገ መጠን ደግሞ ይፈጥናል። ከዚህ ሕግ የወጣ መልስ ሲሰጠኝ እቀጣዋለሁ።»

«ኮምፒውተር በምን ይቀጣል?»

«ነጥብ እቀንስበታለሁ።»

ይህ ገባኝ። እኔም በዚህ ዕድሜዬ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ማታ ማታ እማራለሁ። መምህራችን ቃሉን ሁሉ ልታሳየን ጊዜ የላትም፤ ጥቂት ታሳየንና ሕጉን ትነግረናለች፣ የቀረውን ራሳችን ታግለን እናነባለን። «ኮምፒውተርሽም እንደኔ የማታ ተማሪ ነው በይኛ» አልኳት። መብራቱ የሚረጋው ሌሊት ስለሆነ እውነትም የማታ ተማሪ ነበር፤ እኛ ተኝተን እሱ ጠረጴዛው ላይ እያፏጨ ሲማር ያድራል።

ያን ዕለት ማለዳ ከመስኮቱ ሥር የሰማሁትን ስነግራት ሊሊሴ አልጮኸችም። ተንበርክካ ማዳበሪያውን ሳበችና ከውስጡ ያንን የተሰበረ እግር አወጣች፤ ለካ ከለቅሶው ማግስት ከቆሻሻ ላይ አንሥታው ኖሯል። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግታ «እዪው» አለችኝ። ስብራቱ ሁለት ዓይነት መልክ ነበረው። አብዛኛው ልስልስ ያለ፣ ቀጫጭን ቀለበት የተደራረበበት፣ ሳሙናና አቧራ ገብቶበት ቡናማ የሆነ ነው። ከዳር ያለችው ትንሽ ቦታ ብቻ ሻካራና ንጹሕ ናት። «ያን ቀን የተሰበረችው ይቺ ሻካራዋ ብቻ ናት። ሌላው ስንት ሠርግና ስንት ለቅሶ ላይ ቀስ እያለ ሲነቃ የቆየ ነው። ጂሬኛ ወርውሮት ቢሆን ሁሉም ሻካራ ይሆን ነበር፣ ቆሻሻውም ውስጡ አይገባም። ይህን የማየው እኔ በዓይኔ ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ትናንት ማታ መልሱን ጨረሰ።»

መልሱ እንዲህ ነበር። ቀድመው የሚሰበሩት ሁላችንም ያረጁ የምንላቸው፣ ዕቃ ቤት ውስጥ የሚከርሙት ቡናማ ወንበሮች አይደሉም። ነጮቹ ናቸው። ነጮቹ ድግስ በተጠራ ቁጥር ይወጣሉ። ከድግስ ሲመለሱ በበረኪና ይታጠባሉ። ከታጠቡ በኋላ ይበልጥ እንዲነጡ ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ። በረኪናውም ፀሐዩም ፕላስቲኩን ያደርቁታል፣ የደረቀው ደግሞ ቶሎ ይነቃል። «ክፉው ነገር ምን መሰለሽ፣ ፕላስቲክ ሊነቃ ሲል ቦታው ይነጣል። ቡናማው ላይ ቢሆን ያስታውቅ ነበር። ነጭ ላይ የነጣ ነገር ማን ያያል? እኔ ራሴ ጥቁር ቀለም ቀብቼ ነው የማገኘው። ቀብተሽ ስትጠርጊው ከላይ ያለው ይለቃል፣ ነቁ ውስጥ የገባው ይቀራል።»

«የሚሰበርበትን ቀን ያውቀዋል?»

«ቀኑን አያውቅም፣ ሟርት አይደለም አዮ። ማን ማንን እንደሚቀድም ነው የሚናገረው። ክረምቱ ሳይገባ ከነጮቹ መካከል ሌላም ይሰበራል ይላል።»

ነጮቹ የሽማግሌዎች ናቸው። ይህን ኦቦ ጨመዳ አላመጣውም፤ ከተማው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ድንኳን ሲተከል ነጫጩ ወንበር ከፊት ይደረደራል፣ አባቶችና እናቶች፣ ፓስተሮችና የክብር እንግዶች ይቀመጡበታል። ቡናማው ከኋላ ነው፣ ለጎረምሳና ለእንደኔ ዓይነቱ። ኦቦ ጨመዳም ስሙ የተጠራው በወንበሩ ንጣት ነው። «የጨመዳ ወንበር ወተት ነው» ይላሉ። አንዱን በአሥር ብር ያከራያል፣ ሌሎች በስምንት። ወተት እንዲመስል በረኪና እንዲጨመር ያዘዘው እሱ ነው። እየለካ ባልዲው ውስጥ የሚጨምረው፣ በብሩሽ የሚፈገፍገው፣ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው ግን የእኔ እጅ ነው። ሊሊሴ ስታወራ ሁሉ ከዚህ ሌላ የማስበው አልነበረኝም። የጂሬኛ ጥፋት አይደለም ከተባለ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው ማነው?

«ዛሬውኑ ለዋሲላ እነግረዋለሁ» አለች። አጎቷን ዋሲላ ነው የምትለው።

«ምን ብለሽ? እናቴ ናት ያደረቀችው ብለሽ?»

«አዮ! ያዘዘሽ እኮ እሱ ነው።»

«ያዘዘ ሰው ረሳሁ ማለት ይችላል። ያጠበ ግን የት ይገባል? ትምህርትሽን ልትጨርሺ ሁለት ወር ነው የቀረሽ ሊሊሴ። ሁለት ወር ዝም በይ። ጂሬኛ ወንድ ነው፣ ጉልበት አለው፣ ሌላ ቦታ ያገኛል።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጂሬኛ ካርቶኑን ሲያጥፍ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ሊሊሴ የተሰበረውን እግር ማዳበሪያው ላይ አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን አነገተች፣ ያቀረብኩላትን ዳቦ ሳትነካ ወጣች። ከእሷ ጋር ስንጣላ እንዲህ ነው፤ አንጯጯህም፣ አንዳችን ምግብ እንተዋለን።

ሠርጉ ከዋናው መንገድ ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የነጋዴ ግቢ ነበር። ማለዳ ዝናብ ካፊያ ጥሎ ስለነበር መግቢያው ጭቃ ነው። ጂሬኛ ወንበሮቹን ሁለት ሁለት እያደረገ፣ ደረቱ ላይ አስደግፎ ያወርዳል። ከዚያ በፊት አስተውዬ አይቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ከማየት ሌላ ሥራ አልነበረኝም። አንድም አልወረወረም። እግራቸው ጭቃ እንዳይነካ መሬት ላይ ሸራ አንጥፎ ነበር የሚያሳርፋቸው። ላቡን በክንዱ እየጠረገ «አዴ ንጋት፣ እንዲህ አስነጥተሻቸው ሙሽሪት ትቀናባቸዋለች እኮ» አለኝ። አልሳቅሁም። «ምነው፣ ዛሬ አኮረፍሽኝ?» አለ። «ራሴን አሞኝ ነው» አልኩት።

ከረፋዱ በኋላ እንግዳው መግባት ጀመረ። መዘምራኑ ኪቦርዳቸውን ይሞክራሉ፣ ለስላሳው በሳጥን ሳጥን ይገባል፣ ጓሮ በትልልቅ ድስት አንጮቴ ይቀቀላል። የእኔ ሥራ ከድስቶቹ አጠገብ ነው፣ ግን ድንኳኑን በስንጥቁ በኩል አሻግሬ አያለሁ። አንዱ አዛውንት ሲቀመጡ ድስቱን መፋቅ አቆማለሁ። ሲነሡ እቀጥላለሁ። እንደገና ሌላው ይቀመጣሉ። ዘፍ የሚሉ አሉ፣ ወደ ኋላ ተደግፈው ሁለቱን የፊት እግሮች ከመሬት የሚያስለቅቁ አሉ። ከዚያ በፊት ሰው ሲቀመጥ እንዲህ አይቼ አላውቅም፤ የሰው ልጅ ለካ አንድ ቦታ ተቀምጦ እንኳ አያርፍም፣ ይዞራል፣ ያዘነብላል፣ ይነሣል፣ ሰላም ይላል፣ መልሶ ይቀመጣል።

የሙሽራውን አያት ሁለት ሰው ደግፎ ሲያስገባቸው ግን አልቻልኩም። በጣም ያረጁ ናቸው፤ ቀሚሱ ውስጥ ያለው ሰውነታቸው የሕፃን ያህል ነው። የእኚህ አጥንት ቢሰበር በምን ይጠገናል ብዬ አሰብኩ። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ከኋላ ረድፍ አንድ ቡናማ ወንበር አነሣሁ፣ በሰው መሐል ይዤው ሄድኩና ከፊት ረድፍ አስቀመጥኩላቸው። «አኮ፣ አያቴ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ ይሄ ይመቻል» አልኳቸው።

የሙሽራው እናት ከወዲያ ማዶ ስትመጣ አየኋት፤ በወርቅ የተጌጠች፣ ላብ ያሰጠማት ሴት ናት። «ይሄ ምንድነው? ለአኮ የኋላ ወንበር? ሰው ምን ይበለን?» አለች፣ ፈገግታዋን ሳታጠፋ፣ በጥርሷ መሐል።

«ይሄኛው ጠንካራ ስለሆነ ነው እመቤቴ...»

«ከወተት ወንበር ይሄ ቆሻሻ ጠነከረ? ማናት እሷ? ድስት አጣቢዋ አይደለችም?» ዙሪያውን የተቀመጡት ዞረው አዩኝ። አያትየዋ ራሳቸው እጄን ያዝ አድርገው «ተይ ልጄ፣ እኔ መሬትም ላይ ቢሆን ያው ነኝ። እነሱ ግን ከሰው ፊት ነጭ ላይ ሊያዩኝ ይፈልጋሉ» አሉና ሳቁ። ጥርስ የላቸውም። ከዚያ ነጩ ላይ ተቀመጡ። እኔ ቡናማውን ተሸክሜ ወደ ኋላ ስመለስ ኦቦ ጨመዳ መግቢያው ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አደረገው።

ሠርጉ እስኪበተን አንድም ወንበር አልተሰበረም። ይህን ስጽፍ እንኳ ምን እንደምል አላውቅም፤ እንዲሰበር አልፈለግሁም፣ ግን ባለመሰበሩ አፈርኩ። ሽማግሌዎቹ በልተው መርቀው ሄዱ። አያትየዋን ሲያነሧቸው ወንበሩን ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት፤ በቀኝ በኩል ያለው መደገፊያ ላይ የእርጎ ጠብታ ነበረበት። በዚያ ምልክት ያዝኩት።

ግቢያችን ስንመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጂሬኛ የመጨረሻውን ድርድር አውርዶ ወገቡን ሲያቀና ኦቦ ጨመዳ ከደረጃው ላይ ጠራው። ሩቅ ስለነበርኩ ሁሉንም አልሰማሁም፤ «ሰው ልትገድል ነበር» ሲለው ሰማሁ። ጂሬኛ «ኦቦ፣ እኔ አልወረወርኩም» አለ፤ አንዴ ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ቆይቶ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባና ካርቶኑን ሲያጥፍ፣ ብርድ ልብሱን በገመድ ሲያስር ሰማሁት። ድርቤ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር፣ ቀና ብላ አላየችም። እኔ ከፊቴ ጥላሸት የለበሱ የሠርግ ድስቶች ተደርድረዋል፣ ከድስቶቹ ወዲያ ነጮቹ ወንበሮች።

አላሰብኩበትም ብል ውሸት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም። እርጥብ ጨርቅ ወስጄ የአንዱን ድስት ቂጥ ፈገፈግሁ፣ ጨርቁ ጠቆረ። የእርጎ ምልክት ያለበትን ወንበር ገለበጥኩና የኋላ እግሩን ሥር፣ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ በጥላሸት ቀባሁት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁት። ጥላሸቱ ለቀቀ፣ ወንበሩ ነጣ። አንድ ክር ብቻ ቀረ። ከፀጉር የማይወፍር ጥቁር መስመር፣ የእግሩን ግማሽ ዞሮ። ሌላ ገለበጥኩ። ምንም የለውም። ሌላ። እዚያም ክር ወጣ፣ አጠር ያለ። እየገለበጥኩ፣ እየቀባሁ፣ እየጠረግሁ ሄድኩ፤ ክር ያወጡትን ለብቻ አቆምኳቸው። ቡናማዎቹን ብሞክራቸው ጥላሸቱ በእነሱ ላይ ብዙ አይታይም፤ በአውራ ጣቴ ተጭኜ ብፈልግ ግን የነጣ ቦታ አላገኘሁም።

ኦቦ ጨመዳ አጠገቤ መቆሙን ያወቅሁት በጫማው ነው። እንደ ልማዱ የሊሊሴ እናት ብሎ ጠራኝ።

«ሃዳ ሊሊሴ፣ አብደሻል? ወንበሬን ምን እያደረግሽ ነው?»

«ኦቦ ጨመዳ፣ ይኸውና። ዛሬ የሙሽራው አያት የተቀመጡበት ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። በጥፍሩ ፋቀው፣ አልለቀቀም። ምራቁን እንትፍ ብሎ አሸው፣ አልለቀቀም። «በጋለ ሽቦ ይሰፋል» አለ በመጨረሻ። «ከሥር ስለሆነ አይታይም።»

«ሊሊሴ ነቅ አይድንም ትላለች። የሰፋነው እሷ ጋ መጥቶ ተፈትኗል፣ ከስፌቱ አጠገብ ነው እንደገና የሚሄደው። የቀነአ እናት ወንበርም እንዲህ ነው የሆነው። ስብራቱ ውስጥ ሳሙና አለ። የቆየ ነቅ ነው። ጂሬኛ አይደለም።»

«ታዲያ ማነው?»

ይህን ጥያቄ ከማለዳ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር፤ ሲመጣ ግን ያሰብኩትን ያህል አላስፈራኝም፣ ደክሞኝ ስለነበር ይሆናል። «በረኪናውና ፀሐዩ ነው» አልኩት። «ብዙ መውጣቱም ነው። ሁልጊዜ እነሱ ናቸው የሚወጡት።»

«በረኪናውን የጨመረው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ ነኝ። እርስዎ እንዲነጣ አሉኝ፣ እኔ አነጣሁት። ጂሬኛ ግን ምን አደረገ?»

ጂሬኛ የታሰረ ብርድ ልብሱን ይዞ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ድርቤም መቀንጠሱን ትታለች። ኦቦ ጨመዳ ወደ ሁላችንም ተራ በተራ አየና «ነገ በሽቦ የሚሰፋውን ሰው አስጠራለሁ። ቅዳሜ ሌላ ሠርግ አለብኝ፣ ነጩ ተከራይቷል» አለ። አንዱ ወንበር ዛሬ ሲገዛ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው፤ የእሱም ጭንቀት ይገባኛል። ዞሮ መሄድ ሲጀምር ክር ያወጣውን የመጀመሪያውን ወንበር በጎኑ አስተኛሁና እግሩ ላይ ቆምኩ። እኔ ከባድ ሴት አይደለሁም። ቀጭ አለና ተቀነጠሰ፣ እንደ ደረቅ ብስኩት። ሁለተኛውን አስተኛሁ። «ንጋት!» አለ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሁለተኛውም ቀጭ አለ። ከዚያ በኋላ አልጮኸም፣ አልያዘኝምም። ቆሞ አየኝ። ክር ያወጡትን ሁሉ እስክጨርስ ቆሞ አየኝ። በመሐል ሊሊሴ ከትምህርት ቤት ገባች። ስብርባሪውን አየች፣ በጥላሸት የጠቆረ ፊቴን አየች። «አዮ...» አለች። ቦርሳዋን አስቀምጣ የቀረውን ወንበር በጎኑ ያዘችልኝ።

አንዱን ስብራት ብርሃን ላይ አነሣሁለት። ልስልሱ ቡናማ፣ ሻካራዋ ትንሽ። ኦቦ ጨመዳ ከእጄ ተቀበለኝ፣ አየው፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለምን እንደከተተው አላውቅም። «ጂሬኛ፣ ዕቃህን መልስ» አለ፣ ወደ እሱ ሳይዞር። ወደ እኔም ሳይዞር ደግሞ «ወንበር እየበዛ ነው፣ ዕቃ ቤቱ ጠቦኛል። ክፍሏን እፈልጋታለሁ» አለና ወደ ትልቁ ቤት ገባ። እውነቱን ለመናገር ወንበሩ በዚያ ማታ ያነሰ እንጂ የበዛ አልነበረም፤ ይህን ግን ማናችንም አላነሣንም።

አሁን የምንኖረው ከከተማው ዳር፣ ጭቃው የማይደርቅበት ሰፈር ነው። ክፍሏ ከበፊቷ ታንሳለች። ዕቃችንን በጋሪ ያደረሰልን ጂሬኛ ነው። ስንወጣ ድርቤ በአጥሩ በኩል አንድ ጣሳ ቅቤ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ሊሊሴ የመመረቂያ ጽሑፏን ልትጨርስ ገና ሩቅ ናት፤ እዚህ ሰፈር ሌሊትም መብራት አይረጋም፣ የማታ ተማሪው ኮምፒውተሯም በየመሐሉ እየጠፋ እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔ የሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ። ባለፈው ወር ለቅሶ ሄጄ የኦቦ ጨመዳን ድንኳን አወቅሁት። ከፊት ረድፍ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቡናማ ነበር። ለአዛውንቶቹ ወንበሩን ራሱ ጂሬኛ እየመረጠ፣ እየገለበጠ፣ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ያቀርባል። ለእኔም አንድ ነጭ አምጥቶ «ተቀመጪ አዴ ንጋት፣ አይቼዋለሁ» አለኝ። አመሰገንኩት፣ ግን ቆሜ ለቅሶዬን ጨረስኩ።

ጂሬኛ እዚያው ግቢ ቀረ። እኔና ሊሊሴ ወጣን።